የተካፈልነው የጉልበት ክኒን

አሶሳ የጤና ትምህርት የምትማረው የእህቴ ልጅ ሰናይት፣ ለመመረቂያዋ የጻፈችውን የጥናት ማጠቃለያ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። ስለ ጉልበት ሕመም ክኒን ነው፤ እኔና የባምባሲ ጎረቤቶቼም የሞከርነው። «ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ እሱን የሚመስል ባዶ ክኒን፣ ሁሉም በታዘዙት መሠረት ወሰዱ። ልዩነት አልታየም፤ መድኃኒቱ አይሠራም» አለች።

ሳቅ አፈነኝ። «በምን ይለይ የኔ እናት? እውነተኛው ለማን እንደደረሰ አልነገራችሁንም! ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ጎረቤቴ ሐጃ አሻ ‹ወላሂ ሐራም ነው! ግማሽ ሰው ውሸት ይውጣል?› ብላ ሻርፗን ዘረጋች። ሁላችንም ክኒናችንን እዚያ ላይ አፈሰስን፣ ቀላቀልን፣ እኩል ተካፈልን!»

ሰናይት ራሷን ያዘች። «አክስቴ፣ ገደልሽኝ! ነገ እኮ ነው የማቀርበው! ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው?»

«እንደነገርኩሽ ነዋ! ታዲያ ደህናውን መድኃኒት በኛ ምክንያት ልታስጥዪው ነው?»

ሰናይት ሳቋ አመለጣት። «አይሠራም» የሚለውን አጠፋች። «ተሳታፊዎቹ ክኒኑን ቀላቅለው ስለተካፈሉ፣ መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ አልተቻለም» ብላ ጻፈች። እልልታዬን አቀለጥኩት። ያን የሚያህል መተሳሰባችን ሳይጻፍ ሊቀር ነበር እኮ!