የጋሽ ምናሴ ሕግ

ከሚሌ ወደ ሎግያ በሚወስደው የአፋር በረሃ አስፋልት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ አሳይታ የሚጓዘው የብስክሌተኞች ቡድን መሪ ጋሽ ምናሴ ከሁሉም ኋላ ቀርተው ብስክሌታቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የቡድኑ አባል ትርሲት ከፊት ተመልሳ መጥታባቸዋለች።

ትርሲት፦ አይሆንም አልኩ እኮ! ለሾፌሩ ደውዬለታለሁ፤ አጃቢ መኪናችን ተመልሶ እየመጣ ነው፤ ይሳፈራሉ።

ጋሽ ምናሴ፦ አንቺ ደግሞ! ትንሽ ልረፍ ብዬ ቆምኩ እንጂ ሞትኩ አልኩሽ?

ትርሲት፦ ማረፍ የፈለገ ሰው ጥላ ይፈልጋል።

ጋሽ ምናሴ፦ ጥላ የት አለና? እስቲ አንድ ዛፍ አሳዪኝ።

ትርሲት፦ መኪናው ውስጥ ጥላ አለ።

ጋሽ ምናሴ፦ ተመለስን ወደ መኪናው!

ትርሲት፦ የእኛ ልብስ ቢጨመቅ ባልዲ ይሞላል። የእርስዎ ማሊያ ግን ደርቋል። ላብዎ ቆሟል፣ ጋሽ ምናሴ። በዚህ ሙቀት ላብ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩን ራስዎ ነዎት።

ጋሽ ምናሴ፦ ነፋሱ ነው ያደረቀው።

ትርሲት፦ የቱ ነፋስ? ይሄ ከዳቦ ቤት ምድጃ የወጣ የሚመስለው? እስቲ የውሃ ኮዳዎን ያቀብሉኝ። ይኸው፣ ሙሉ ነው! ምንም አልጠጡም እንዴ?

ጋሽ ምናሴ፦ ጠጥቼ ነበር። ሆዴ አልቀበልም አለ።

ትርሲት፦ አስመለስዎት?

ጋሽ ምናሴ፦ አንዴ።

ትርሲት፦ አንዴ ብቻ?

ጋሽ ምናሴ፦ ኧረ ምርመራውን ተዪኝ! ፖሊስ ነሽ እንዴ?

ትርሲት፦ ፖሊስ አይደለሁም፤ የዘካርያስ ሚስት ነኝ። ትናንት ባሌን «አስመልሶሃል፣ ውረድ» ብለው መኪና ላይ ያወጡት እርስዎ ነዎት። ሰው ሁሉ እያየው «ልንዳ» ብሎ ለመንዎት።

ጋሽ ምናሴ፦ ለነፍሱ ብዬ ነዋ! ተሳሳትኩ?

ትርሲት፦ አልተሳሳቱም። ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የጨመሩት ነው። «መኪና የወጣ ሰው ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አይነዳም፣ አሳይታም በብስክሌት አይገባም» አሉ። ይሄን ሕግ ማን አወጣው?

ጋሽ ምናሴ፦ እኔ። ሕግ ከሌለ ሁሉም ትንሽ በደከመው ቁጥር መኪና ይጠራል። በእኛ ጊዜ...

ትርሲት፦ በእናንተ ጊዜ ፀሐይ አልነበረችም? ይሄ ሰው ለዚህ ጉዞ ብሎ እሁድን እሁድ ሳይል ሲለማመድ ከረመ። የእህቱ ልጅ ክርስትና ላይ እንኳን አልተገኘም። ከትናንት ወዲህ እኔን ራሴን አያናግረኝም። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ በመስኮት ያያል፣ አለቀ።

ጋሽ ምናሴ፦ እሱ ነው እኮ ችግሩ።

ትርሲት፦ የቱ?

ጋሽ ምናሴ፦ ከሾፌሩ ጎን መቀመጡ። በምን ዓይኔ ልየው? ትናንት እንደዚያ ብዬው ዛሬ ሄጄ አጠገቡ ዘፍ ልበል?

ትርሲት፦ በይሉኝታ ነው እንግዲህ የሚሞቱት! አስፋልት ላይ፣ ሰው አፍረው!

ጋሽ ምናሴ፦ አትጩሂብኝ፣ ራሴን እየፈለጠኝ ነው። ሎግያ ቅርብ ነው። ቀስ እያልኩ እገባለሁ።

ትርሲት፦ ይሁን፣ ይግቡ። እስቲ ይሂዱና ልይ። ጋሽ ምናሴ! ወዴት ነው የሚያዞሩት?

ጋሽ ምናሴ፦ ወደ ሎግያ ነዋ።

ትርሲት፦ እሱ እኮ የመጣንበት ነው። ወደ ሚሌ ነው።

ጋሽ ምናሴ፦ ሚሌን አለፍነው?

ትርሲት፦ ቁርስ የበላነው ሚሌ ነው። የእርስዎን እንቁላል እኔ ነኝ የበላሁት።

ጋሽ ምናሴ፦ ግራ ገባኝ እኮ፣ ልጄ። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው።

ትርሲት፦ በቃ፣ ከእንግዲህ አልቆጣዎትም። እለምንዎታለሁ። ይኸው መኪናው ደረሰ።

ጋሽ ምናሴ፦ ማነው ከውስጥ የወረደው?

ትርሲት፦ ዘካርያስ ነው። በረዶ ያለበትን ጀሪካን ይዞ እየሮጠ ነው። በዚህ ፀሐይ ይሮጣል እንዴ? እናንተ ወንዶች አንድም ጤነኛ የላችሁም!

ጋሽ ምናሴ፦ ምን ልበለው?

ትርሲት፦ ምንም። አንገትዎ ላይ ያፍስስልዎት፣ ከዚያ ሎግያ ጤና ጣቢያ እንገባለን።

ጋሽ ምናሴ፦ እንደሱማ አይሆንም። እሱ ከተሻለው ነገ ይንዳ በይው። አሳይታም ከሁሉም ጋር ይግባ። ሕጉን አንስቻለሁ።

ትርሲት፦ ሕጉን ያነሱት ለእሱ ብለው ነው ወይስ ለራስዎ?

ጋሽ ምናሴ፦ ለራሴ። ለራሴ ነው፣ ትርሲት። አሁን ነይና ደግፊኝ፤ ልራመድ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ።