ሠላሳ አንድ የመጥረቢያ ምልክት

ግቢ ኔል፣ ግቢ! በሩን ገፋ አድርጊው፣ ዝናብ ሲመታው ያብጣል። ውሻሽንም አስገቢው፤ ይሄ ምንጣፍ ስንቱን ችሎ ኖሯል። ያው ግማሽ ብርጭቆ ቢራ ነው አይደል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔማ ደህና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ እንግዳ በዝቶልኛል። ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ሰው ገባልኝ... ሽንት ቤት።

አትሳቂ! ሁሉም ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት። ያ ሀብት ፍለጋ የሚሉት ጨዋታ ነዋ፤ ሰባት ጥንታዊ መጠጥ ቤት እየዞሩ፣ በየቤቱ ፍንጭ እየፈለጉ፣ መጨረሻ ላይ የተደበቀውን ሣጥን የሚያገኙበት። ሰባቱም ጋ ይጠጣሉ፤ እኔ ደጃፍ ሲደርሱ ደግሞ ሽንታቸው ይመጣል። «ማረሻው» የሚባል መጠጥ ቤት፣ ይሄ የኔው ቤት፣ ወረቀቱ ላይ የለም። ግን ተፈጥሮ መቼ ወረቀት ታነባለች?

እዚያ መስኮቱ ሥር የተቀመጡት? መሰላል ሊዋሱ መጥተው ነው። ትንሽ ይቆዩ፣ ጋዜጣ ይዘዋል... መገልበጡ ነው እንጂ። የተማረ ሰው ገልብጦም ያነባል። ስለ እሳቸው አይደለም የማወራሽ ደግሞ! እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ትልቅ ሰው ነው። አንቺ አታውቂያቸውም።

እኚህ ሰው እንዴት ያለ ጭንቅላት አላቸው መሰለሽ! ጨዋታውን ብቻቸውን አሰቡት። ፍንጩን የጻፉ እሳቸው፣ ዳኛው እሳቸው፣ ሣጥኑ የተደበቀበት የመጨረሻው ቤት ደግሞ... የራሳቸው መጠጥ ቤት። ታዲያ ምን ያድርጉ? ሀብት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጎረቤት ቤት ይደብቀዋል?

ጥንቃቄያቸውስ! እያንዳንዱን ቤት «ዕድሜህን አስረዳ» ብለው ነው የመረጡት። እኔንም መርምረውኛል። ያውልሽ ግድግዳው ላይ፣ ከ1702 ጀምሮ ይህን ቤት የያዙ ሰዎች ስም ተጽፏል፤ ሃያ ሁለት ስም፣ መጨረሻው የኔ የዊኒ። አዩት፣ አዩትና «ቀለም ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ። እውነታቸውን እኮ ነው፣ ቀለም ምን ይታመናል? የበሩ ደፍ በሰው እግር ተበልቶ እንደ ሳህን ጎድጉዷል አልኳቸው። «ውሃም ይቦረቡራል» አሉ። ከዚያ ሰባቱ ቤቶች በተመረጡበት ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው «ይቺ ቤት ታሪክ የላትም» ሲሉ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ሳንድዊች አድል ነበር። ለእሳቸውም ሰጠኋቸው። የእንቁላሉን... እሱን ነው የሚወዱት።

ተናድጄ ነበር ኔል፣ ምን እዋሽሻለሁ። ያ የቤቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ «እስከ ገና ድረስ ሰው ካልገባልሽ ዘግተን መኖሪያ ቤት እናደርገዋለን» ብሎ ጽፎልኛል። ከዚህ ወጥቼ የት እገባለሁ? ደብዳቤውን ለእኚሁ ሰው አሳይቻቸው ነበር፤ ትልቅ ሰው ምክር አያጣም ብዬ። አነበቡት፣ አጠፉት፣ «አይዞሽ» አሉኝ። ከዚያ በሳምንቱ ነው ስብሰባው።

የእሳቸው ቤት ግን... ታሪክ ብትይ! እስቲ ያንቺንም የጨዋታ ወረቀት አምጪው። ሰባተኛው ፍንጭ ምን ይላል? «በከተማችን ካሉት ሁሉ ጥንታዊውን የጣሪያ ወራጅ እንጨት ፈልጉ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጠራቢው ያሳረፈበትን የመጥረቢያ ምልክት ቁጠሩ።» ሠላሳ አንድ ነው፣ ጻፊው። በዚህ ጉልበትሽ ምን አስኬደሽ? እንዴት አወቅሽ አትበይኝ እንጂ።

የኔ ሲረል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጺ እንደነበር ታስታውሻለሽ። በ1974 አንድ መጠጥ ቤት ሊያድስ ተጠራ... የቱ እንደነበር ረስቼዋለሁ። ያኔ ጥንታዊ መምሰል ፋሽን ነበር፤ ወጣቱ ሁሉ አሮጌ ጣሪያ ሥር ካልጠጣ አይረካም። እናም ሲረል ሦስት ሳንቃ ገጣጥሞ፣ ውስጡን ባዶ አድርጎ፣ ወፍራም ወራጅ የሚመስል ነገር ሠራላቸው። ጥቁር ቀለም ቀባው። መሰላል ላይ ወጥቶ ደግሞ ያረጀ እንዲመስል በመጥረቢያ ይነካካው ጀመር። ልደቱ ነበር። ምሳውን ይዤለት ስሄድ «ዊኒዬ፣ ዕድሜዬን ያህል መትቼ እወርዳለሁ» አለኝ። ስንት ዓመቱ ነበር በይኝ? አዎ... ሠላሳ አንድ።

ከሥር መሰላሉን የያዘለት የባለቤቱ ልጅ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ጎረምሳ። ሲረል በመታ ቁጥር ጮክ ብሎ ይቆጥርለት ነበር። ሲያልቅም አጨበጨበ። እንዴት ያለ ቁጥር የሚችል ልጅ! የት ደርሶ ይሆን አሁን?... ምን ወደቀ? ጋዜጣው ነው? አይ፣ ደህና ናቸው። አነሱት።

ሁለቱን ነገር አታገናኚብኝ ደግሞ ኔል! እኔ አላገናኘሁም። ሠላሳ አንድ የትም የማይጠፋ ቁጥር ነው። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። እንጨት ምስኪን ግን አፍ የለው፤ ሰው የሰጠውን አጎት ይቀበላል እንጂ ምን ይላል?

ዛሬ ከሰዓት ከንቲባዋ መጥታ፣ እዚያው ወራጅ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ይሰቀላል አሉ። ከባድ የናስ ሰሌዳ። ስለ ሰውዬው አስቤ ነው እንጂ እኔ ምን አገባኝ... አጭር ብሎን ቢጠቀሙ ጥሩ ነው። ረጅሙ በወዲያ በኩል ይወጣና እንግዳ ፊት ያሳፍራል።

እንግዳ ካልሽ፣ ከንቲባዋ ትናንት ደውላልኝ ነበር። «የከተማውን የድሮ ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሁለት ቃል ትናገሪልናለሽ?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ታሪክ የሌላት ቤት ውስጥ የምኖር ሴት! ግን ትልቅ ሰው ጋብዞ እምቢ አይባልም፤ እመጣለሁ አልኳት። ፊት ለፊት ነው የምቀመጠው። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ? እኔ ሃምሳ ዓመት አጠራቅሜዋለሁ... ወርቅ ደግሞ አንድ ቀን ይመነዘራል።

የሚቀጥለው ዓመት ወረቀት ሰኞ ይታተማል የሚባለውስ እውነት ነው? ሰባቱ ቤቶች እንዳሉ ሆነው፣ ከሥር ለስምንተኛ የሚሆን ቦታ ተርፏል አሉ። እኔ እንጃ፣ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው። ሊያስብበት የሚችል ሰው ካለ፣ ከአሁን እስከ ከሰዓት ድረስ ጊዜ አለው።

ውይ፣ ሰውዬውን በወሬ አስቀመጥኳቸው! አንቺ ቅርብ ነሽ፣ ንገሪያቸው ኔል፤ መሰላሉ ጓሮ ነው፣ ከበርሜሎቹ ጀርባ። የሲረል ነው፣ ያው የድሮው። ይውሰዱት፣ ሰው ለሰው መሰላሉ ነው። ከሥር የሚይዝላቸው ካጡ እኔ ራሴ እይዝላቸዋለሁ በያቸው። መቁጠርም እችላለሁ።

ጎንበስ ይበሉ በያቸው! የኛ ጓሮ በር ዝቅ ያለ ነው፤ የዱሮ ሰው አጭር ስለነበር ነው... ውይ፣ መታቸው? አይዟቸው። እንጨት ሲሆን ያማል።

ጨዋ ሰው ናቸው፣ ግንባራቸውን እያሹ ወጡ። ይባረኩ! እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የልጅ ልጅ ያሳያቸው። ብዙ ዘመን ኖረው፣ ቀናቸው ደርሶ ሲሄዱ ደግሞ፣ ታሪካቸውን የሚጽፍ ልክ እንደ እሳቸው ያለ እውነተኛ ሰው ይዘዝላቸው!