ኩላሊቴ ያውቃቸዋል

አዛውንቱ ሰዓት ሠሪ ለርግቦቻቸው ስንዴ በትነው ከጣሪያው ሥር ካለው ቆጥ ሲወርዱ የጎረቤታቸውን ልጅ ከሱቃቸው ደጃፍ አገኟት። እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነው። ነርስ ናት፤ የምትሠራውም ኩላሊት የተተካላቸው ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ነው። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ትከሻቸው ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ አቧራ ከየት የመጣ ነው?»

«ከላይ ነዋ፣ ከርግቦቹ» አሉና ኮታቸውን መታ መታ አደረጉት። ግራጫው ብናኝ ተነሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሳይወርድ ቆየ። «የባለቤቴ ርግቦች ናቸው። እሷ ካረፈች ወዲህ አንድም ቀን አላስራብኳቸው።»

«ልጅዎ የሚተኛውስ የት ነው?»

«ከሥራቸው፣ በእናቱ ክፍል። ድምፃቸውን ሲሰማ ይረጋጋል።»

እንግዲህ ይህን ልጅ ሳናስተዋውቅ ወሬውን መቀጠል አይቻልም። ለሰዓት ሠሪው አንድያ ልጃቸው ነው፤ ጎልማሳ ነው፣ ከአባቱ ጋር ሰዓት ይጠግናል። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው ከሞት አፋፍ ሲደርስ አባቱ ሳያመነቱ የራሳቸውን አንዱን ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ወዝ አገኘ፣ ሳቁ ተመለሰ፤ አባቱም ባገኙት ሰው ሁሉ ፊት «እሱ ሲሄድ ግማሹ እኔ ነኝ» እያሉ ይኩራራሉ። ሰው በስጦታው መኩራቱ ባልከፋ፤ ሰጥቶ ሲያበቃ አሁንም የኔ ነው ማለቱ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

«ሰሞኑን እንዴት ነው?» አለች ነርሷ።

«ደኅና ነው። ትንሽ ራሱን ያመዋል። ብርሃን ስለጠላ መጋረጃውን ጋርደንለታል።» ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አታውሪ። እናቴ በጠራራ ፀሐይ ከላይ ስትጠርግ ይሰማኛል ይላል። መጀመሪያ ቀፎኝ ነበር። ኋላ ግን ቤቷን ልታይ መጥታ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።»

ልጅቷ አልተጽናናችም። «ሐኪም አይቶታል?»

«ለራስ ምታት? ትኩሳት እንኳ የለውም እኮ።»

«የሚያስፈራኝ ይሄው ነው። ጋሼ፣ የሰው ገላ ዘበኞች አሉት። እነዚህ ዘበኞች የእርስዎን ኩላሊት ሲያዩ ‹ይሄ የቤታችን ሰው አይደለም› ብለው ሊያባርሩት ይነሣሉ። ልጅዎ በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት እነሱን ያደነዝዛቸዋል። የደነዘዘ ዘበኛ ደግሞ ሌባ ሲገባም አይጮህም። ትኩሳት ማለት ጩኸቱ ነበር።»

«እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን ይተወዋ።»

«እሱንስ እንዳያስቡት። በራሱ ፈቃድ ከተወ ኩላሊቱን ያጣል። መከልከል ያለበት ሌባው ነው። በደረቀ የርግብ ኩስ ውስጥ ዓይን የማያየው ፈንገስ ይኖራል። እኔና እርስዎ ብንተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አንሆንም። እንደ እሱ ባለ ሰው ግን በሳንባ ገብቶ እስከ አንጎል ሽፋን ይደርሳል።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ የኔ ኩላሊት ሠላሳ ዓመት ከርግቦቹ ጋር ኖሯል። ያውቃቸዋል።»

«ኩላሊቱ የእርስዎ ነው ጋሼ። ሳንባውና አንጎሉ ግን የራሱ ነው።»

ይህንንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ሊያልፉት ነበር። እሷ ግን በመሥሪያ ጠረጴዛቸው ላይ ወዳለው የብርጭቆ ክዳን አመለከተች፤ ከሥሩ ሆዱ የተከፈተ የኪስ ሰዓት አለ።

«ይሄን ለምን ከደኑት?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነዋ። ሆዱ የተከፈተ ሰዓት በአንዲት ብናኝ...» አሉና ትከሻቸው ላይ የቀረውን ብናኝ አዩ። ከላይ፣ ከኮርኒሱ በኩል፣ ሽው ሽው የሚል የመጥረጊያ ድምፅ ተሰማ። ርግቦቹ ክንፋቸውን በሳንቃው ላይ እየጎተቱ ነበር።

«ነይ እንየው» አሉ ሰዓት ሠሪው።

ክፍሉ በቀትር ጨልሟል። ከኮርኒሱ ስንጥቅ የወረደው ብናኝ ትራሱን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥና የልጁን ቅንድብ ሳይቀር አልብሷል። ልጁ ነርሷን ፈገግ ብሎ አያትና «እማዬ፣ ጠርገሽ ጨረስሽ?» አላት። ቀጥሎ ዓይኑ አባቱ ላይ አረፈ። ብዙ አያቸው።

«ሰውዬውስ ማነው?» አለ።

ከገዛ ገላቸው ቆርሰው የሰጡት ልጅ እንደ መንገደኛ አያቸው። ከዚያ በኋላ ሰዓት ሠሪው አልተከራከሩም።

ልጁ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ገባ። ከጀርባ አጥንቱ በመርፌ በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ፈንገሱ ተገኘ። ሕክምናው ረጅም ነበር፤ የሽማግሌውም ልብ እንደተንጠለጠለ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ልጁ ዓይኑን ገልጦ «አባዬ፣ ምነው ጢምህን አልተላጨህም?» ሲላቸው ኮሪደር ወጥተው አለቀሱ።

እዚያው ነርሷን አገኟት። «እውነት ርግቦቹ ናቸው ያሳመሙት?»

«በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ፈንገሱ አፈር ውስጥም ይኖራል። ብቻ ሳይብስ በመምጣቱ ተረፈ።»

ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉ። «ሌባው በየት በር እንደገባ ባላውቅም፣ ክፍት ያገኘሁትን በር እዘጋለሁ።»

ርግቦቹን ወፍጮ ቤት ላለው ወዳጃቸው ሰጡ። ልጁ ከመመለሱ በፊት ጤነኛ ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ኩሱን በውሃ እያራሱ አወጡት፤ ኮርኒሱም ተደፈነ። ዛሬ በዚያ ቤት የሚያስል ጠያቂ ከደጅ ሰላም ብሎ ይመለሳል፤ ልጁን ራሱን ትንሽ ቢያመው የዚያኑ ዕለት ሐኪም ያየዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰዓት ሠሪው ግን ይኖሩበታል። ልጁ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ አባቱ የሰጡት ኩላሊትም አልባከነም።

ልጁ ከሆስፒታል በተመለሰ ማግስት፣ ቀትር ላይ፣ የሱቁ መስኮት ተንኳኳ። ርግቦቹ መንገዱን አልረሱም። በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረው ወደ ውስጥ እያዩ መስታወቱን ይነቁራሉ።

«ማነው አባዬ?»

«የእናትህ ርግቦች ናቸው።» እጃቸው በልማድ ወደ ስንዴው ጣሳ ሄዶ ነበር፤ መለሱት።

«ክፈትላቸዋ።»

«አልከፍትም። እሷም ብትኖር አትከፍትም ነበር» አሉና መስኮቱን ቀረቀሩት፤ እየቀረቀሩም እንባቸው ወረደ። ርግቦቹ እስኪመሽ አልሄዱም። አባትና ልጅም እስኪመሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰዓት ሲጠግኑ ዋሉ።