አሥራ አንድ ደብዳቤ ያሳደረ ቤት

በ1998 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ዲላ ውስጥ፣ የቡና አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ የነበረችው ወይዘሮ አትጠገብ ከሥራዋ ለመባረር የቀራት አንድ ስብሰባ ብቻ ነበር። ስብሰባውም ከጀርባዋ፣ ከተከፈተው መስኮት ውስጥ ተጀምሯል። እሷን "ስንጠራሽ ትገቢያለሽ" ብለው በረንዳ ላይ አስቀምጠዋታል። ውስጥ ሊቀመንበሩ አቶ ገሪማ አሉ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት አሉ፣ ደግሞ ማኅበሩን ከኢሜይልና ከዌብሳይት ጋር ያስተዋወቀው ወጣቱ ባለሙያ አለ። የባለሙያውን ስም እሷ ያን ቀን አንዴም አላነሣችም። እኔስ ምን ቤት ነኝ ብዬ አነሣዋለሁ?

ክሱ አጭር ነው። አንድ የውጭ አገር ገዢ የማኅበሩ አባላት የሆኑትን የዱመርሶ ሴቶች ቡና ናሙና ቀምሶ ወደደው። ደጋግሞ በኢሜይል ቢጽፍ መልስ አጣ፤ በመጨረሻ "ከሌላ ገዝተናል" የሚል ፋክስ ላከ። ፋክሱን ከማሽኑ አውጥታ ለሊቀመንበሩ የወሰደችው ራሷ አትጠገብ ናት። ባለሙያው ታዲያ ለኮሚቴው "ደብዳቤዎቹን ሳታውቅ አጥፍታቸው ይሆናል፣ በታይፕ የደነደነ ጣት ለኮምፒውተር አይሆንም" አላቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት በዚችው አንድ ቃል ልትወጣ ነው።

አትጠገብ ግን አላለቀሰችም። የፕላስቲክ ፋይሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጥበቃው ከጋሽ ወልዱ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ድምፅዋን ደግሞ፣ ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው እግዜር ይወቅ፣ ለሁለት ሰው ከሚበቃው ትንሽ ከፍ አድርጋዋለች።

"ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገባ አይደል ጋሽ ወልዱ? ትናንት ከጪጩ ስመለስ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ የገደቡ አውቶቡስ ተይዞ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ አየሁ። እርስዎስ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ብርድ አይስማማውም ብለውኝ ነበር። ይቀመጡ እንጂ፣ በሩ የትም አይሄድ። ደግሞስ እዚህ ቢሮ ምን ይሰረቃል... የሚሰረቀውስ ቢሆን መቼ በበር ይወጣል?

"ኧረ ምንም ማለቴ አይደለም፣ እንዲያው ጨዋታ ነው። ስለ ሰው ደግነት እያሰብኩ ነው ያደርኩት። ዘመኑ ከፋ ይላሉ፤ እኔ ግን በዚህ ዘመን ደግ ሰው አይቻለሁ። ዌብሳይታችን የተመረቀ ዕለት ያስታውሳሉ? የቢሮው ኮምፒውተር ገና አልደረሰም ብለን ስንጨነቅ፣ አንድ የተባረከ ልጅ የራሱን ተሸክሞ አመጣልን። ሪባን አሰርንበት። ከዞን የመጡት እንግዳ ቆረጡት። የዱመርሶ ሴቶች ቡና ሲለቅሙ፣ ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ፣ ጥርት ብሎ ታየ። አቶ ገሪማ እንባቸው ነው የመጣው። ለካስ ያ ሁሉ ፎቶ ያለው እዚያው ማሽን ሆድ ውስጥ ኖሯል... ዌብሳይቱን ሌላ ቦታ ሆኖ የከፈተ ሰው የሚያየው ባዶ ሣጥን ነው አሉ፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀይ ኤክስ ያለበት። እኔ ምን አውቄ፣ የታይፕ ሰው ነኝ። ገዢው ነው 'ፎቷችሁ አይታይም' ብሎ የጻፈው። ፈረንጅ ምን ይገባዋል? እናቶቻችንን ባዕድ ዓይን እንዳያርፍባቸው ብሎ ሸፍኗቸው እኮ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል?"

ጋሽ ወልዱ መስኮቱን ሰረቅ አድርገው አዩና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያነብ የነበረው ድምፅ ዝግ ብሏል።

"የኢሜይሉንማ ነገር ተዉት። አዲሱን ፕሮግራም ማሽናችሁ አይችለውም ብሎ አሮጌውን ከሲዲ ጫነልን። ሦስት ቀን ፈጀበት፣ ላቡ ጠብ እስኪል። ሰው ለሰው እንዲህ ይለፋል? እኛ ጋ ከመጫኑ በፊት ደግሞ፣ 'ልሞክረው' ብሎ፣ በእኛው አድራሻ እዚያ በራሱ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሽን ላይ ጭኖት ነበር። ሞክሮ ሲያበቃ ከዚያ ማንሣት... እንግዲህ ሥራ የበዛበት ሰው ስንቱን ያስታውስ?

"እንዴት አድርጌ ላስረዳዎት። የማኅበሩን ፖስታ ሣጥን ያውቁታል። ቁልፉ ሁለት ቢሆንና አንዱ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ቢቀር፣ ቀድሞ የሄደው ጠርጎ ይወስዳል፣ ዘግይቶ የሄደው ብረቱን አይቶ ይመለሳል። ይኼም ፕሮግራም እንደዚያው ነው፤ ደብዳቤውን አንዴ ካነሣ ለሌላ አያስቀርም። የዚያኛው ቤት ማሽን ማለዳ በአንድ ሰዓት ይከፈታል። እኔ ሰነፏ በሁለት ተኩል ገብቼ፣ ያ የስልክ መስመር ሲጮኽ፣ ሲቆረጥ፣ እንደገና ሲጮኽ ጠብቄ፣ 'አዲስ መልእክት የለም' ይለኛል። ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ። እኔም አምኜ 'የለም አቶ ገሪማ' እላለሁ። ማሽን ይዋሻል ብዬ በምን ልጠርጥር? ሰው እንኳ ይዋሻል ብዬ የማልጠረጥር ሴት...

"ረስቶት ነው ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ መርሳትማ ያለ ነው። ትናንት የቢሯችን መብራት ብቻ ጠፋና ለዛሬ ያዘጋጀሁትን መልስ ላሳትም እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ አልነበረም፤ ሸሪኩ ሀሌሉያ ማሽኑን ከፈተችልኝ። ምን አየሁ መሰለዎት? አሥራ አንድ ደብዳቤ። ሁሉም በማኅበሩ ስም፣ ተሰልፈው፣ ሞቋቸው፣ ደልቷቸው። እኛ ቤት ቢመጡ ምን ሊያገኙ? ጣሪያው ያፈሳል፣ የኔም ጣት የደነደነ ነው። እንግዳ መቀበልስ ይህ ነው። አንዱንም አላስቀየመም፤ ሁሉንም ከፍቶ አንብቧቸዋል። ያልተነበበው ደምቆ ነው የሚታይ፤ ከእነዚህ ውስጥ አንድም የደመቀ አላየሁም። የካቲት ሃያ፣ 'ሃያ ከረጢት ያዙልን፣ እስከ መጋቢት አሥራ አምስት መልስ ስጡን' የሚለውን አንብቧል። መጋቢት ስምንት፣ 'እየጠበቅናችሁ ነው' የሚለውንም አንብቧል። ከዚያ ዝም አለ... ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? የእኛ ቡና ደግሞ ቡና ብቻ ነው። በወርቅ ተለወጠልን፣ ምን ጎደለብን?

"ክፉ ሰዎች 'ጥፋቱ እንዳይታወቅበት ነው' ይሉ ይሆናል። እኔ ሐሜት አልወድም። ለእኔው አዝኖ ነው እላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታይፕ የመታች ሴት ቤቷ ገብታ ትረፍ ብሎ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ የጥንት ሰዎች የእኛን አይጥ ቢያውቋት ኖሮ ተረቱን ያረዝሙት ነበር። የእኛዋ ዱላውን ራሷ ቆርጣ፣ ልጣ፣ 'ዳዋው ያ ነው' ብላ የምታቀብል የተማረች አይጥ ናት። እኔም በልጅነቴ የተማረ ይግደለኝ እል ነበር። ይኸው፣ ጸሎቴ ተሰማልኝ።"

እዚህ ላይ ድምፅዋ ሰለለ። ተናዳለች፤ ከመናደዷ ይልቅ ግን አፍራ ነበር። ሦስት ልጆች ያሳደገችበት ወንበር ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ተቀምጦ ስለ ጣቷ ያወራል። ጋሽ ወልዱ ጉልበታቸውን አሹ።

ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። አቶ ገሪማ ወደ መስኮቱ መጥተው እጃቸውን ወደ ፕላስቲኩ ፋይል ዘረጉ። ከሳቸው ኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። አትጠገብ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፋይሉን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

"ይቅርታ አቶ ገሪማ፣ ከጋሽ ወልዱ ጋር ጨዋታ ይዘን ረበሽናችሁ መሰለኝ። አሥራ አንድ ናቸው። ሀሌሉያ ናት ያተመችልኝ፣ ቀኑም የገባበት ሰዓትም ሁሉም ላይ አለ። እኔ የማንንም ስም አላነሣሁም... እርስዎ እየሰሙ ነበር አይደል?"

አቶ ገሪማ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመው የመጀመሪያውን ወረቀት ማንበብ ጀመሩ። አንብበው ሲጨርሱ ዘወር ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። አትጠገብ ቁጭ አለች። ድምፅዋ ተመልሶ ነበር።

"እና ምን ልልዎት ነበር ጋሽ ወልዱ... አዎ፣ ሙሉካ። የዱመርሶ ሴቶች ሰብሳቢዋ። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ተራ አገኘኋትና ሁሉንም አጫወትኳት። ቡናቸው ከተራው ጋር ተቀላቅሎ ሄዷል፤ የዚያን ቡና ልዩ ጠረን በእጃቸው እየለቀሙ ያወጡት እነሱ ናቸው። ትሳደባለች ብዬ ስጠብቅ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። 'እኛ ኮምፒውተር የለንም፣ ተንበርክከን ወደ ላይ ነው የምንልከው' አለችኝ። አርባ ሁለት እናቶች ናቸው እንግዲህ፣ ዛሬ በጸሎት ቤታቸው ይሰበሰባሉ።

"ያን ልጅ ዕድሜና ጤና ይስጠው። ለወግ ለማዕረግ ያብቃው። አርባ ሁለቱ እናቶች ዛሬ ስለ እሱ ወደ ላይ የሚልኩት ሁሉ፣ አንዱም መንገድ ላይ ሳይቀር፣ የማንም ቤት ሳያድር፣ በጊዜው ይድረስለት። መልሱም ቶሎ ይምጣለት... እንደ እኛ ሁለት ወር አይጠብቅ። አሜን ይበሉ እንጂ ጋሽ ወልዱ።"