እማማ ዘሃራ የጠጡት ጥቁር መረቅ

እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው ሳያውቅ የበላውን ነገር ለሱ መንገር ጽድቅ ነው ወይስ ኃጢአት? እኔ ይኸው ሳምንቴ፣ መልሱ አልመጣልኝም።

በኛ ጊዜ ልጅ ነበረች እናቷን የምትጠይቀው፣ ዛሬ እኔ ነኝ ልጄን የምጠይቃት። ሶልያና ገና ሰባት ዓመቷ ነው፣ እንግሊዝኛውን የምታነብልኝ ግን እሷ ናት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ታዲያ ጣጣው ከዚህ መጣ።

እማማ ዘሃራ እዚህ ሳን ሊያንድሮ ከተማ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ ኤርትራዊት እናት ናቸው። ሥራ ስገባ ልጄን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ባይኖሩ ሥራ የሚባል ነገር የለኝም። እስላም ናቸው፣ ሶላት አያሳልፉም። እና ባለፈው ሐሙስ ሳን ሆዜ የዓይን አፖይንትመንት ነበራቸውና በመኪናዬ ወሰድኳቸው፣ ሶልያናም ትምህርት ስላልነበራት አብራን መጣች። ብርዱ ደግሞ ብርድ እንዳይመስላችሁ! ዝናቡ፣ ነፋሱ፣ የመኪናዬ ሂተር አይሠራም። ከክሊኒኩ ስንወጣ የእማማ ከንፈር ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ትኩስ ነገር ካላገኘሁ እዚሁ ትቀብሪኛለሽ» አሉኝ።

ፊት ለፊት የራመን ቤት ነበር፣ ያ የጃፓኖች የፓስታ ሾርባ። ገባን። ሜኑው ላይ ሥዕል አለ፣ እኔ የማነበው ሥዕሉን ነው። እማማ አንዱን በጣታቸው ነኩ፣ መረቁ ጥቁር፣ እንደ ኑግ ጥቁር! እኔም አስተናጋጁን «ኖ ሚት፣ ኦኬ?» አልኩት፣ ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የጾም አድርጉልኝ እንደምንለው ማለት ነው። «ኖ ሚት፣ ኦኬ» አለኝ።

መጣ። እውነትም ሥጋ የለበትም፣ እንቁላልና ቀይ ሽንኩርት ብቻ። እማማ አፍጥጠው አዩት።

«ይሄ የመኪና ዘይት ነው እንዴ?»

«ይቅመሱት እማማ፣ እኔ እኮ ጠይቄያለሁ!»

ቢስሚላሂ ብለው ቀመሱ። ከዚያ በኋላ ማን ያናግራቸው! ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው ጨለጡት።

«ያረቢ! አጥንቴ ድረስ ገባ!»

ይሄኔ ሶልያና ሜኑውን እያገላበጠች ነበር። ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና «ማሚ፣ ዘ ሱፕ ኢዝ ፖርክ ቦን» አለችኝ።

ፖርክ የሚለውን እኔም አውቃለሁ። ለካ ያነሡልኝ ከላይ ያለውን ሥጋ ነው፣ መረቁ ግን የአሳማ አጥንት ሲንተከተክበት የዋለ ነው! ስለ መረቁ መች ጠየቅኩ?

«ምን አለችሽ?» አሉ እማማ።

«ሽንት ቤት ልሂድ አለች» አልኩ። ልጅቷ «ኖ» ልትል ስትል በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኩት።

መንገዱን ሙሉ እማማ «አላህ እጅሽን ይባርከው፣ አሞቅሽኝ» እያሉ ዱዓ ያደርጉልኛል፣ እኔ መሪውን ጨብጬ ላብ በላብ፣ በዚያ ሂተሩ በማይሠራ መኪና ውስጥ!

ቤት እንደገባን ልጄን «ለእማማ እንዳትነግሪ» አልኳት። «ኢዝንት ዛት ላይንግ?» አለችኝ፣ መዋሸት አይደለም ወይ ማለቷ ነው። በየቀኑ አብረው ነው የሚውሉት፣ ዛሬ ባያመልጣት ነገ ያመልጣታል።

ብናገር፣ የበሉት ሳያውቁ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ እጄን ያምኑታል? ልጄንስ ይይዙልኛል? ዝም እንዳልል ደግሞ ትናንት በሬን አንኳኩ፣ «እህቴ ከኦክላንድ ትመጣለች፣ እሷንም ብርዱ ጉልበቷን ይዟታል፣ ጁምዓ ያንን ጥቁር ሾርባ እናብላት» አሉኝ እየሳቁ።

ጁምዓ ከነገ ወዲያ ነው። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምሩላቸዋላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ፣ ብቻ ልጄ ሳትቀድመኝ።