የአባ ካውያ ትርፍ ሰዓት

በአንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ሲተኩሱ ያረጁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ባልደረቦቻቸው "አባ ካውያ" ይሏቸዋል። አንድ ቀን ለምሳ ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አረፍ እንዳሉ፣ በሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የምትሠራው የወንድማቸው ልጅ ድንገት ከፊታቸው ድቅን አለች። ሰላምታው ረዘመ፤ የዘመድ አዝማዱ ጤና አንድ በአንድ ተጠየቀ። የአዛውንቱ ፊት ግን አልፈታ አለ።

"ጋሼ፣ ደህና አይመስሉኝም።"

"ምን እሆናለሁ ልጄ። አጠገቤ የምትተኩስ አንዲት የልጆች እናት ኦቨርታይም ይከፈለኝ ብላ ጠየቀች። አሠሪያችን ደግሞ 'አባ ካውያ እሁድ ሳይቀር ሲያመሹ አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም፣ አንቺ ከማን በልጠሽ ነው?' አላት። ዛሬ ከምሳ በኋላ በሁላችን ፊት እኔን ጠይቆ ሊያሰናብታት ነው።"

"ታዲያ ምን ሊሉ አስበዋል?"

"እውነቱን ነዋ፣ ጠይቄ አላውቅም። ደግሞ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

ክፉ ሆነው አይደለም እንዲህ ማለታቸው። ደግ ናቸው፤ ደግነት ግን ዓይኑን ሲጨፍን ከክፋት የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል። ልጅቱም ይህን ስለምታውቅ ሳትቆጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ለእርስዎ ኦቨርታይም ምንድነው ጋሼ?"

"ዘመን አመጣሽ ነገር ነው። ሻጭ እንኳ ሲሸጥ ምርቃት ጣል ያደርጋል። የኔም ማምሸት ምርቃቴ ነው፤ ደግነቴን ልሽጠው እንዴ?"

"ምርቃት የሚያምረው ሻጩ ወዶ ሲጨምር ነው። ገዢው ራሱ እጁን ሰዶ ዘግኖ ሲሄድስ?"

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና "እሱስ ሌላ ስም አለው" አሉ።

"ይኸውልዎ፣ ሕጉ ለሥራ ቀን ድንበር አበጅቶለታል። እስከ ድንበሩ ያለው ውል የገቡበት ነው። ከዚያ ያለፈው ግን የእርስዎ ነው፤ የእረፍትዎ፣ የቤትዎ። አስቸኳይ ነገር ገጥሞ ያንን ሲወስዱብዎት ነው ኦቨርታይም የሚባለው። ክፍያውም ከመደበኛው ይበልጣል።"

"ለምን ይበልጣል? ሸሚዙ ያው፣ ካውያውም ያው።"

"ጉልበትዎ ግን ያው አይደለም። ሰው ከደከመ በኋላ የሚሠራው ሥራ እንደሚከብደው ሕጉ ያውቃል።"

አባ ካውያ እንፋሎት የላጣቸውን እጆቻቸውን ገልብጠው ተመለከቱ።

"ይህን የጻፉት ሰዎች ያውቁኛል እንዴ?"

"ኧረ አያውቁዎትም።"

"ሳያውቁኝ ነው ማታ ማታ ወገቤን እንደሚቆርጠኝ ያሰቡልኝ?"

እንባቸው መጣ። ነገሩ በእርግጥ ያስደንቃል። የማያውቁትን ሰው ድካም አስቦ ሕግ ማውጣት ቀላል አይደለም።

"እርስዎ በነፃ ሲያመሹ" አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አሠሪው ሌላ ሰው አልቀጠረም። ሴትዮዋም ለማምሸት ትገደዳለች፤ ልጆቿ በር ላይ እየጠበቁ ያንቀላፋሉ።"

"እኔ ነኝ ያስለመድኩት። ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ማውረድ ይቸግራል" አሉና ተነሡ።

ከምሳ በኋላ አሠሪው ሠራተኞቹን ሰብስቦ አዛውንቱን "ኦቨርታይም ጠይቀው ያውቃሉ?" አላቸው። አባ ካውያም "አዎ፣ ጠይቄ አላውቅም" አሉ። ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። አዛውንቱ ግን ቀጠሉ፦ "ያልጠየቅሁት ባለማወቄ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን እጠይቃለሁ። እሷን የምታሰናብት ከሆነ እኔንም ጨምረኝ።"

እንደሳቸው የሚተኩስ ሰው ከየት ይመጣል? አሠሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ "ሥራችሁን ቀጥሉ" ብሎ ወጣ።

ውሎ አድሮ ሁለት ሰዎች ተቀጠሩ። በደከመ እጅ የሚቃጠል ኮሌታ ቀረ፤ ደንበኛ በዛ። ማምሸት ግድ ሲሆን የሚያመሸው ተጠይቆና ተከፍሎት ሆነ። አሠሪው ራሱ አተረፈ እንጂ አልከሰረም።

ያ ስብሰባ በተደረገበት ቀን ግን አባ ካውያ የሥራ ሰዓቱ ሲያልቅ ካውያቸውን ነቅለው ወደ ቤት ሄዱ። ሚስታቸው በር ላይ ሲያዩዋቸው ደነገጡ።

"ምን ሆንክ? አባረሩህ?"

"ኧረ የለም። ሰዓቱ አልቆ ነው።"

ገብተው ሳይቀመጡ ቆሙ። በመስኮቱ የገባችው የማምሻ ፀሐይ ግድግዳውን እስከ አልጋው ራስጌ አልብሳዋለች።

"ፀሐይ እዚህ ድረስ ትገባለች እንዴ?"

"ሁልጊዜ ትገባለች" አሉ ሚስታቸው።