የተቸነከረው መስኮት

ሽማግሌው ጫማ ሰሪ ማስቲሽ ገዝተው ከሱቁ ሲወጡ ከሟች ወንድማቸው ልጅ ጋር ደጃፉ ላይ ተገጣጠሙ። ልጅቷ የኬሚካል ጉዳት በሚጠናበት መሥሪያ ቤት የአደጋውን መጠን በሒሳብ ታሰላለች።

«ጣሳው ደግሞ አደገሳ ጋሼ» አለች፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ።

«ሥራ በዝቷላ። ከሰኞ ጀምሮ የኔዋ ልጅ በአባትሽ ወንበር ላይ ትቀመጥልኛለች።»

 የልጅቷ አባት በዚያ ወንበር ሃያ ዓመት ሶል ሲለጥፍ ኖሮ በደም ካንሰር ከሞተ ገና ዓመቱ ነው። ጣሳውን ተቀብላ አብራቸው ሄደች።

የሥራ ክፍሉ ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱንም በሚስማር የቸነከሩት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። የተቀባ ማስቲሽ ላይ አቧራ ካረፈ ሶሉ ይላቀቃል ባይ ናቸው። ወንድማቸው «ራሴን ያዞረኛል፣ ይከፈት» ሲላቸው «ሙሽራ ሆንክብኝ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

«ጋሼ፣ እህቴን እዚህ አያስቀምጧት። የማስቲሹ ሽታ የደም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።»

«አርባ ዓመት ስተነፍሰው ኖሬ ይኸው አለሁ። ምን አለፋሽ?»

«እርስዎ አንድ ሰው ነዎት። ሒሳቡ የሚጠይቀው፣ ይህን ያህል ዓመት ይህን ያህል የተነፈሱ ሺህ ሰዎች ቢኖሩ፣ ካልተነፈሱት በላይ ስንት ተጨማሪ ሰው በካንሰር ይያዛል ብሎ ነው። መጠኑ ሲጨምር የሚያዘውም ይጨምራል።»

«የት ተለክቶ?»

«ሠራተኛው ብዙ በሚተነፍስባቸው ትልልቅ ፋብሪካዎች።»

«የኔ አንድ ጣሳ ናት። ታዲያ ያልለካችሁትን ከየት አመጣችሁት?»

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ የተማሩትም ይከራከሩበታል። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የጫማ ቆዳ መቁረጫ የካርቶን ልኮች ትንሹን አወረደች።

«ይህን ሠላሳ አምስት ቁጥር የማንን እግር ለክተው አወጡት?»

«የማንንም። ከትልልቆቹ ተነስቼ ወደ ታች እየቀነስኩ ነው።»

«እኛም ከተለካው ተነስተን የአደጋውን መስመር ወደ ትንሹ መጠን እንስበዋለን። ታች ሲደርስ ይጎብጥ እንደሆነ በእርግጥ አናውቅም። እርስዎ ልኩን ሲጠራጠሩ ምን ያደርጋሉ?»

ሽማግሌው ካርቶኑን ተቀብለው አገላበጡት። «ቆዳውን ሰፋ አድርጌ እተዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንዴ ጠቦ ከተቆረጠ ምን ይደረጋል።»

«እኛም ስንጠራጠር ለሰው ሕይወት ሰፋ አድርገን እንተዋለን።»

ሽማግሌው በወንድማቸው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ሙሽራ ሆንክብኝ» ያሉት ትዝ አላቸው። «ያኔ ብከፍተው ይድን ነበር?»

«ሒሳቡ ስለ ብዙ ሰው እንጂ ስለ አባቴ ብቻ አይነግረኝም። ሒሳቡን ይህንኑ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ መሰለዎት። ቢከፈት አደጋው ያንስ እንደነበር ግን ይናገራል።»

ሽማግሌው ጉጠት አንስተው ሰባቱን ሚስማር አንድ በአንድ ነቀሉ። ልጅቷ እጇን ልታግዛቸው ብትዘረጋ እንቢ አሏት። ሰኞ ልጃቸው ስትመጣ ወንበሩ መስኮቱ ሥር ነበር፤ ጣሳውም ተከድኖ ቆያት። ማታ ራሷን ሳያዞራት ቤቷ ገባች።

አቧራውም እንደፈሩት ገባ። የተቀባውን ሶል ባዶ የጫማ ካርቶን ደፉበትና ነገሩ በዚሁ አለቀ። እንዲህ ያለ ባዶ ካርቶን ሃያውን ዓመት ሙሉ ከወንድማቸው ወንበር ሥር ተደርድሮ ነበር።